የማይሳሳተው ወስፌ

«ይህን በጥንቃቄ ያዢ፤ ካንቺ ይበልጣል» አለ ሰውየው። ጥቁሩን ሣጥን ዘርፈሽዋል ክንድ ላይ አሳረፈና መለስ ብሎ እንኳ ሳያያት ወደ ጣቢያው በር አመራ።

ዘርፈሽዋል ከአሰበ ተፈሪ እስከ ሚኤሶ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ነበራት። «እንኳን ደህና መጡ፤ እኔ ከሕዝብ ኮሌጁ ተማሪዎች አንዷ ነኝ፤ ፊታውራሪ እንድንቀበልዎ ልከውን ነው» የሚል አጭር ነገር ነው። ሰው ፊት መናገር ለሷ ሁልጊዜም ጭንቅ ስለሆነ ቁልቁለቱን ሁሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር የወረደችው። ሣጥኑ ክንዷ ላይ ሲያርፍ ንግግሩ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ። ሰውየው በነጭ ባርኔጣው ፊቱን እያራገበ ከፊት፣ እሷ ሣጥኑን ደረቷ ላይ አቅፋ ከኋላ፣ ከባቡሩ በሚወርደው ሰውና በማሽላ ጆንያው መካከል እየተጋፉ ወጡ።

መስዑድ ከፊታውራሪ የጭነት መኪና አጠገብ ከሹፌሩ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ሲያያቸው ብድግ አለ።

«አቶ ኃይሉ ነዎት? እንኳን ደህና መጡ። እኔ መስዑድ እባላለሁ። ይቺ ዘርፈሽዋል ናት። ሁለታችንም ተማሪዎችዎ ነን።»

ሰውየው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሣጥኑን አየ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አላት።

ይቅርታ የሚጠይቃት መስሏት ነበር። እሱ ግን ጥፋቱ የሷ መሆኑን ወስኖ ጨርሷል። ሣጥኑንም አልተቀበላትም። እሱ ከሹፌሩ ጎን ሲቀመጥ እነሱ ከኋላ ጆንያ ላይ ወጡ፤ ሣጥኑም አቀበቱን ሁሉ ጭኗ ላይ ተቀምጦ አሰበ ተፈሪ ገባ።

«አይዞሽ፣ ያ ዘርፌ» አላት መስዑድ በኦሮምኛ አጠራሩ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «አንቺን ለይቶ የናቀሽ እንዳይመስልሽ። ሚኤሶን በሙሉ ነው የናቀው።»

ዘርፈሽዋል አልሳቀችም። በልቧ ግን አቶ ኃይሉን ያን ቀን መዘነችው፤ ክብደት አጣችበት።

ጊዜው አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። «የጨርጨር ሕዝብ ኮሌጅ» የሚለው ስም ከቤቱ ይከብድ ነበር። ቤቱ ከገበያው በስተጀርባ ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ሲሆን፣ ፊታውራሪ ዳምጤ ዓባይ ቡናቸውን የሚያከማቹበት መጋዘን የነበረ ነው። ፊታውራሪ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለሥልጣን «የሕዝብ ኮሌጅ የሌለው ከተማ ወደ ኋላ የቀረ ነው» ሲል ሰሙና በማግሥቱ ቡናውን አስወጥተው ወንበር አስገቡ። ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የኮሚቴው ሊቀመንበርም ራሳቸው ሆኑ። ግድግዳው እስከ መጨረሻው የቡና ገለባ ሽታ አልለቀቀውም። ከሥራ በኋላ፣ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ፣ ሁለት የጽሕፈት መኪናዎችና አንድ ያረጀ የሂሳብ መጽሐፍ ለሃያ ሰው ይዳረሱ ነበር።

አሁን ደግሞ አዲስ ትምህርት መጣ፤ «የመረጃ አያያዝ» ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ቁም ሣጥን የሚያህሉ መሣሪያዎች አስገብቷል አሉ። ሰው ሁሉ በካርድ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይገባና መሣሪያው ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት የተማረ፣ ስንት ያልተማረ እንዳለ በአንድ ጊዜ ይናገራል። አቶ ኃይሉ ይህን ለማስተማር ተላከ። ከኮሌጁ አንደኛ የወጣ ተማሪ አዲስ አበባ ሄዶ በመንግሥት ወጪ በዚያ መሥሪያ ቤት ይማራል፤ ለዚህም የመምህሩ ምስክርነትና የኮሚቴው ሊቀመንበር ፊርማ ያስፈልጋል።

ዘርፈሽዋል የፈለገችው ይህን ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ከዚያ በላይ በከተማው ለሷ የሚሆን ትምህርት የለም። እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሞሰብና ሰፌድ እየሰፉ ያሳደጓት ልጅ ናት፤ ሐረር ልከው የማስተማር አቅም የላቸውም። ከምንም በላይ ግን ቀዳዳ ተጠይቆ እንዴት እንደሚመልስ ማወቅ ፈልጋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለማን ይነገራል እንዲህ ያለ ነገር?

በመጀመሪያው ቀን አቶ ኃይሉ ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ክዳኑን ቀስ ብሎ፣ ታቦት እንደሚያወጣ ሰው፣ ከፈተው። ተማሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ውስጡ በዙሪያቸው ቀዳዳ የተደረደረባቸው ወፍራም ካርዶች፣ አንድ መቁረጫ፣ አንድ የእንግሊዝኛ መመሪያ ነበሩ። ከጎን በቀይ ከፋይ የተለበጠ ረጅም ጎድጓዳ አለ፤ ባዶ ነው።

«እዚህ የሚቀመጠው የመምረጫ ዘንግ ነው» አለ አቶ ኃይሉ። «ለጥገና አዲስ አበባ ቀርቷል።»

«ዘንግ ምኑ ይጠገናል?» አለ መስዑድ ከኋላ፣ ለራሱ የሚያወራ መስሎ።

አቶ ኃይሉ አልሰማም፤ ወይም አልሰማሁም አለ። «እኔ ውጭ አገር በነበርኩበት ዘመን» ብሎ ንግግሩን ቀጠለ። ይህን ሐረግ በየቀኑ ይናገረው ነበር። ያ ዘመን ስድስት ሳምንት የፈጀ ሥልጠና መሆኑን ፊታውራሪ ራሳቸው ሳያስቡት ለተማሪዎቹ ነግረዋቸዋል።

ሥራው በእውነቱ ቆንጆ ነበር፤ ዘርፈሽዋል ሰውየውን ብትንቅም ሥራውን መናቅ አልቻለችም። እያንዳንዱ ቀዳዳ ለአንድ ነገር ይመደባል፤ ይሄ ለሴት፣ ይሄ ለነጋዴ፣ ይሄ ለተማረ። ሰውየው ነጋዴ ከሆነ የነጋዴው ቀዳዳ እስከ ካርዱ ጠርዝ ድረስ ይቆረጣል። ካልሆነ ክብ እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ ካርዶቹን ሁሉ ደርድሮ በዚያች ቀዳዳ ዘንጉን ማሳለፍና ማንሳት ነው። ክቡ ቀዳዳ ካርዱን ዘንጉ ላይ አንጠልጥሎ ያስቀረዋል፤ የተቆረጠው ግን ይለቀዋል። ነጋዴዎቹ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃሉ።

ዘንግ ስለሌለ ግን የሚወድቅም የሚንጠለጠልም አልነበረም። አቶ ኃይሉ ሦስት ቀን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ዘንግ እየሣለ አስተማረ። በአራተኛው ቀን ዘርፈሽዋል የእናቷን ትልቁን ወስፌ ይዛ መጣችና ምንም ሳትናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ ምንድነው?»

«ወስፌ ነው። ለሞሰብ።»

አቶ ኃይሉ በሁለት ጣቱ አነሳው። አየው፤ ካርዶቹ ውስጥ አሳለፈው፤ ሠራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወስፌው «የመምረጫ ዘንግ» ተባለ፤ ቀዩ ከፋይ ላይ ተኛ፤ ከአቶ ኃይሉ በቀር ማንም እንዳይነካው ተከለከለ። ያመጣችውም ጭምር።

«ሰውዬው ወስፌዬን መቼ ነው የሚመልሰው?» ይሏታል ወይዘሮ ጥሩነሽ በየማታው። «ለቦርደዴ ሰርግ የታዘዝኩት ሞሰብ ተጀምሮ ቀርቷል እኮ።»

«ትምህርቱ ሲያልቅ ነው፣ እማዬ።»

«ከኔ ወስፌ ነው እንዴ የሚማረው? ምነው እሱስ ባዶ እጁን ነው ከአዲስ አበባ የመጣ?»



አንድ ቀን አቶ ኃይሉ ስለ ቤተሰብ ስም ማስተማር ጀመረ። መመሪያው፣ አለ፣ አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች የሚታወቁት በቤተሰብ ስማቸው ነው ይላል። የቤተሰብ ስም ማለት መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ስም ነው። ስለዚህ ለየመጨረሻው ስም አንድ ቀዳዳ ይመደባል፤ ዘንጉ በዚያ ሲያልፍ ባል፣ ሚስት፣ ልጆች ተከታትለው ይወድቃሉ።

«እንሞክረው» አለና የተማሪዎቹን ካርዶች ደረደረ። «አሕመድ» በተባለው ቀዳዳ ወስፌውን አሳልፎ አነሳ። ሁለት ካርዶች ወደቁ፤ መስዑድ አሕመድና ጣሂራ አሕመድ።

ጣሂራ የሚኤሶ ልጅ ናት፤ አባቷ የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነው። የመስዑድ አባት ደግሞ አሰበ ተፈሪ ጫት ይነግዳል። ሁለቱ አሕመዶች ተያይተውም አያውቁ።

«ዋላሂ!» አለ መስዑድ ብድግ ብሎ። «ጥሎሽ ሳልሰጥ ሚስት አገኘሁ!»

«ማን ይሰጥሃል ደግሞ!» አለች ጣሂራ፤ በደብተሯ ጀርባውን መታችው። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ።

ዘርፈሽዋል እጇን ማውጣቷን ራሷም ያወቀችው ሣቁ ሲበርድ ነው። ሁሉም ወደሷ ዞረ። ድምፅዋ እንደ ልማዷ ግማሹ ውስጧ ቀረ።

«እኛ ዘንድ የመጨረሻው ስም የአባት ነው» አለች። «ሚስት በባሏ ስም አትጠራም። እናቴ ጥሩነሽ ኃይለ ማርያም ናት፤ አባቴ ተሰማ ዓለሙ ነበር። እኔ ደግሞ ዘርፈሽዋል ተሰማ። ሦስታችን አንድ ቤት ኖረን በሦስት ቀዳዳ ነው የምንወድቀው።»

አቶ ኃይሉ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ፈገግታው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ፊቱ ላይ ቆየ።

«የናንተ የጨርጨሮች ችግር ይሄ ነው» አለ። «መሣሪያ ሲመጣላችሁ ልማዳችሁን ማስተካከል ሲገባችሁ መሣሪያውን ለልማዳችሁ ማጉበጥ ትፈልጋላችሁ። የሠለጠነ ሕዝብ የቤተሰብ ስም አለው። የለንም ካልን ስሕተቱ የኛ ነው እንጂ የመሣሪያው አይደለም። መሣሪያ አይሳሳትም።»

«ጣሂራስ ታዲያ ሚስቴ ናት?» አለ መስዑድ።

«በትንሽ ቁጥር ነው እንዲህ የሚሆነው። ብዙ ሕዝብ ሲሆን ራሱ ይስተካከላል።»

ዘርፈሽዋል ተቀመጠች። ይህ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ እናት አለችው፤ እናቱ በአባቱ አባት ስም እንደማትጠራ ያውቃል። የሚያውቀውን መጽሐፍ ላይ ስላላገኘው ግን እንደማያውቀው ሆኗል። አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ታዝንለት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ከአዲስ አበባ የሚኒስቴሩ እንግዳ ኮሌጁን ሊጎበኝ እንደሚመጣ ተነገረ። ፊታውራሪ ድንኳን አስተከሉ፤ ሁለት በሬ ለዩ። አቶ ኃይሉ በበኩሉ በእንግዳው ፊት የከተማውን ታላላቅ ቤተሰቦች በአንድ ዘንግ ሊያሳይ ወሰነ። የትልቁንም የትንሹንም ሰው ስም ከፊታውራሪ ጸሐፊ ተቀበለ፤ መቁረጡን ለዘርፈሽዋል ሰጣት፤ እጇ ስለማይንቀጠቀጥ።

አዳራሹ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ስትቆርጥ ዋለች። «ዳምጤ ዓባይ» የሚለውን ካርድ አንስታ የ«ዓባይ»ን ቀዳዳ ቆረጠች። ጥቂት ቆይታ «ሣህሊቱ ብሩ» የሚል አገኘች፤ የፊታውራሪ ባለቤት ናቸው። የ«ብሩ»ን ቆረጠች። «ገብሬ ብሩ»፤ ሥጋ ሻጩ። እሱም «ብሩ»። ከዚያ «ባየች ዓባይ» የሚል ካርድ እጇ ገባና መቁረጫውን እንደያዘች ቀረች።

ባየች ዓባይ በታችኛው ሰፈር ጠጅ የምትሸጥ መበለት ናት። አባቷ ዓባይ ከፊታውራሪ አባት ጋር ከስም በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። የፊታውራሪ ግራጫ በቅሎ ግን ሐሙስ ሐሙስ በባየች አጥር ላይ ታስራ ትውላለች። ይህን አሰበ ተፈሪ ውስጥ የማያውቅ የለም። የተናገረውም የለም፤ ሰው በዚያ ሲያልፍ በቅሎዋን እንዳላየ አንገቱን ወደ ማዶ ያዞራል። ወይዘሮ ሣህሊቱም ሐሙስ ቀን በዚያ መንገድ አይሄዱም።

ዘርፈሽዋል ካርዱን አስቀምጣ አቶ ኃይሉ ወደሚያድርበት ክፍል ሄደች። በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያስጠርጋል።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።»

«ስለ ዘንጉ ከሆነ ለእናትሽ ንገሪያት፤ ከእንግዳው በኋላ።»

«ስለ ስሞቹ ነው። የፊታውራሪ ስም ሲወድቅ አብሮ የሚወድቀው…»

«አሁንም ስለ ስም?» አለ። እግሩን ቀየረ፤ ሌላው ጫማ ይጠረግለት ጀመር። «ስሚኝ፣ ዘርፈሽዋል። ከኮሌጁ የሚላከው አንድ ሰው ነው። አንቺን ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን ከላይ የታዘዘውን የማይቀበል ሰው እዚያ መሥሪያ ቤት ምን ያደርጋል? ጣሂራም እኮ መቁረጥ ትችላለች።»

«እኔ ለርስዎ ብዬ ነው።»

«ለኔ?» ሣቀ። «ለኔ አታስቢ። ያንቺ ሥራ መቁረጥ ነው። ማሰቡን ለመሣሪያው ተዪለት።»

ዘርፈሽዋል «እሺ» አለች። ተመልሳ የ«ባየች»ን ካርድ አነሳችና የ«ዓባይ»ን ቀዳዳ እስከ ጠርዙ፣ ንጹሕ አድርጋ ቆረጠች።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት ወንበር ላይ እንግዳው፣ ከጎኑ ፊታውራሪ ዳምጤ ካባቸውን ለብሰው፣ ከሳቸው ቀጥሎ ወይዘሮ ሣህሊቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ከኋላ የቆመው ሕዝብ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ ሥጋ ሻጩ ገብሬም ለድግሱ የታረደውን አውጥቶ እጁን ሳይታጠብ መጥቶ ግድግዳ ተደግፏል።

አቶ ኃይሉ ከውጭ አገር ዘመኑ ጀመረ። ከዚያ ስለ ሥልጣኔ ተናገረ። ከዚያ «መሣሪያ አያዳላም፤ መሣሪያ አይፈራም፤ መሣሪያ አይሳሳትም» አለ። እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። ፊታውራሪም እንግዳውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ በታላቁ ቤት እንጀምራለን» አለ አቶ ኃይሉ። ወስፌውን ከቀዩ ከፋይ አነሳ፤ ለሕዝቡ አሳየ። ከኋላ በኩል ወይዘሮ ጥሩነሽ «ያውና!» ሲሉ ተሰማ። በ«ዓባይ» ቀዳዳ አሳለፈውና ካርዶቹን ብድግ አደረጋቸው። ሁለት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ወደቁ።

የመጀመሪያውን አንስቶ ራሱ አነበበ። «ፊታውራሪ ዳምጤ ዓባይ! አባወራ!»

ጭብጨባ ሆነ። ፊታውራሪ ካባቸውን አስተካከሉ።

«እመቤቲቱን ደግሞ» አለ አቶ ኃይሉ፣ ሁለተኛውን ካርድ ፊቱ እንደተደፋ ለዘርፈሽዋል እያቀበለ፣ «ተማሪዬ ታነብልናለች። ክቡር እንግዳችን የኮሌጁን ውጤት እንዲያዩ።»

ዘርፈሽዋል ካርዱን ገለበጠችው። ማየትም አያስፈልጋትም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ይበቃት ነበር፤ «ወይዘሮ ሣህሊቱ» ብላ ካርዱን ከሌሎቹ ሥር ማስገባት። ማንም አያውቅም። ሰው ያጨበጭባል፤ እንግዳው ይደሰታል፤ ፊታውራሪ ይፈርማሉ፤ እሷም በሚኤሶ በኩል በባቡር ትሄዳለች። አቶ ኃይሉ ደግሞ በየሄደበት ከተማ ያገኘውን ሰው ሣጥን እያሸከመ፣ ሚስትን የአባቷን ስም እየነጠቀ፣ መሣሪያ አይሳሳትም እያለ ይኖራል።

«አንብቢ እንጂ» አላት በሹክሹክታ፣ ለእንግዳው ፈገግ እንዳለ። «ወይስ ማንበብ እንደ መናገር ያስፈራሻል?»

ቀና አለች። ከዚያ ቀን በፊት ድምፅዋን ከሦስተኛው ወንበር በኋላ የሰማ ሰው አልነበረም። ያን ቀን በመስኮት በኩል የቆሙት ሁሉ ሰሙት።

«ባየች ዓባይ» አለች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ሊያስነጥስ ፈልጎ ተወው። ፊታውራሪ ዓይናቸውን ጫማቸው ላይ ተከሉ። ከጸጥታው ውስጥ የወይዘሮ ሣህሊቱ ድምፅ፣ ዝግ ያለና የተረጋጋ ሆኖ መጣ።

«እኔንስ? እኔን የት ጣለኝ?»

አቶ ኃይሉ ጸጥታውን አድናቆት አድርጎ ወስዶታል። «አሁኑኑ ይታወቃል፣ እመቤቴ! ስምዎ ማን ይባላል?»

«ሣህሊቱ ብሩ።»

ወስፌው በ«ብሩ» ቀዳዳ አለፈ። ካርዶቹ ተነሱ። ሁለት ወደቁ። አቶ ኃይሉ ራሱ አነሳቸው፤ ራሱ ጮኾ አነበባቸው።

«ሣህሊቱ ብሩ! ገብሬ ብሩ!»

ገብሬ ግድግዳውን ለቀቀ። ደም የነካ እጁን አይቶ ከጀርባው ደበቀው። «እኔ የለሁበትም፣ ጌታዬ!» አለ። «በማርያም፣ እመቤቴን ሥጋ ሲገዙ እንጂ አይቻቸው አላውቅም!»

መስዑድ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ጣሂራ፣ ከዚያ መስኮቱ በሙሉ፤ አዳራሹ ዝናብ እንደሚመታው ቆርቆሮ ጮኸ። ሣቁን ያቆመው ፊታውራሪ ተነስተው መቆማቸው ነው። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ማነው» አሉ፣ «ማነው ለመሣሪያው የነገረው?»

ወይዘሮ ሣህሊቱ ነጠላቸውን ሰበሰቡና ማንንም ሳያዩ ወጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ፊታውራሪ የተናገሩት ምን እንደሆነ የገባቸው ሚስታቸው በሩን ካለፉ በኋላ ነው።

አቶ ኃይሉ አሁን ነቃ። ወስፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጣቱን ቀሰረ። «እሷ ናት የቆረጠችው፣ ጌታዬ። ካርዱን ሁሉ እሷ ናት የቆረጠችው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።  ዘርፈሽዋል መለሰች።

«እርስዎ ባዘዙኝ ቀዳዳ ነው የቆረጥኩት፣ መምህር። ነግሬዎት ነበር። ማሰቡን ለመሣሪያው ተዪለት አሉኝ።»

እንግዳው ይህን የመጨረሻውን ክርክር አልሰማም። ሣቅና ጩኸቱ ሳያሳስበው ካርዶቹን እያገላበጠ ነበር። በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሥጋ እየበላ ለአቶ ኃይሉ ሲናገር መስዑድ ወጥ ሲያቀርብ ሰምቶታል። «ሰው ከጎረቤቱ የደበቀውን ያወጣ መሣሪያ» አለ እንግዳው፣ «ግብር የሚደብቀውንስ እንዴት ያመልጠዋል? አንተ እዚህ መባከን የለብህም።» አቶ ኃይሉ ጥቂት አሰበና «ዓላማውም ይኸው ነበር» አለ።

መስዑድ ይህን ሊነግራት ሲመጣ ዘርፈሽዋል ባዶው አዳራሽ ውስጥ የተበተኑትን ካርዶች ትሰበስብ ነበር።

«ማል ታቴ፣ ያ ዘርፌ? ምን ሆንሽ? አዝነሻል?»

«አላዘንኩም።»

«ባየች ምን እንዳለች ሰማሽ? ‹ስሜን ያነበበችልኝ ልጅ ድምፅዋ ያምራል አሉ፤ ትምጣና በነፃ ትጠጣ› ብላለች። ቤቷ ዛሬ መቀመጫ የለም።»

ዘርፈሽዋል ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፊታውራሪ እንደማይፈርሙ ካርዱን ገልብጣ ስታነብም ታውቅ ነበር። ማወቋ ግን አላቀለለውም። ካርዶቹን አስተካክላ ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። ወስፌውን ፈለገችው፤ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

አቶ ኃይሉ በማግሥቱ ከእንግዳው ጋር ወደ ሚኤሶ ወረደ፤ የወይዘሮ ጥሩነሽን ወስፌ ይዞት ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ በአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ወይዘሮ ሣህሊቱ ቦርደዴ ወንድማቸው ቤት ገቡና ሽማግሌ ሦስት ጊዜ እስኪመላለስ አልተመለሱም። ፊታውራሪ ወንበሮቹን አስወጥተው ቡናቸውን ወደ አዳራሹ መለሱ። ከኮሌጁ ወደ አዲስ አበባ የተላከ ተማሪ የለም። ዘርፈሽዋል በመስከረም ወር ቦርደዴ ሄዳ አንደኛ ክፍል ማስተማር ጀመረች።